ሒስን አል አክራድ፦ «የማይደፈረው ግንብ» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ «የማይደፈረው ግንብ» በሚል ርእስ የወጣ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አነበብሁ። የሚተርከው በሶርያ ምድር፣ ከሆምስ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 650 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ስለቆመው ምሽግ ነው። ፈረንጆች «ክራክ ደ ሸቫልዬ» ይሉታል፤ ዐረቦች ደግሞ «ሒስን አል አክራድ»። ስለ መስቀል ጦርነት ዘመን በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጸሐፊው ርእሱን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ አተራረካቸውም ይጥማል። ችግሩ ትረካው የጣመው ከእውነቱ ላይ ብዙ ተቀንሶና ያልነበረ ነገር ተጨምሮበት መሆኑ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ግንቡን ቴምፕላር የተባለው የመነኮሳት ወታደሮች ማኅበር ባላባቶች በባዶ ኮረብታ ላይ አቆሙት፤ ንድፉ ከአውሮፓ የመጣ የአንድ ሊቅ የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ዘቅዛቃው ግድግዳ የተሠራው ለመድፍ መከላከያ ነው፤ የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላሃዲን ከዓመት በላይ ከቦ አልቻለውም፤ 2,000 ባላባቶች ይጠብቁት ነበር፤ በመጨረሻም በጦር ሳይሆን በሐሰተኛ ደብዳቤ ብቻ ወደቀና ፈረንሳዮች እስኪያገኙት ድረስ ወና ሆኖ ቆየ። እነዚህን ነጥቦች በየተራ እመለከታለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ እጀምራለሁ፤ «በባዶ ኮረብታ ላይ» የሚለውን የሚያፈርሰው ስሙ ራሱ ነውና። «ሒስን አል አክራድ» ማለት የኩርዶች ምሽግ ማለት ነው። በ1031 የሐለብ (አሌፖ) ገዥ የነበረው የሚርዳስ ቤት አሚር፣ ሺብል አል ደውላ ነስር፣ የኩርድ ወታደሮችን በዚህ ኮረብታ ላይ አስፍሮ ከሆምስ ወደ ባሕሩ ጠረፍ የሚወስደውን መንገድ አስጠበቃቸው። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት መልክዐ ምድሩን ላየ ሰው ግልጽ ነው። በሰሜን የአንሳሪያ ተራሮች፣ በደቡብ የሊባኖስ ተራሮች ባሕሩን ከመሀል አገር ለይተው ሲዘረጉ፣ በመካከላቸው የሆምስ በር የሚባለው ዝቅተኛ መተላለፊያ ይቀራል። ነጋዴም ሆነ ጦር ከሶርያ መሀል በዛሬዋ ሊባኖስ ወዳለችው ትሪፖሊ ጠረፍ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ኮረብታው መተላለፊያውንና ከእግሩ ሥር የተዘረጋውን ለም የቡቀይዓ ሜዳ ቁልቁል ያያል። ይህን ለማየት ከአውሮፓ መምጣት አያስፈልግም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የመስቀል ጦረኞች በ1099 መጀመሪያ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በዚያ በኩል ባለፉ ጊዜም ምሽጉ ነበረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ገብተውበት ነበር። ከመስቀል ጦረኞቹ መሪዎች አንዱ የነበረው የሴንት ዢል ሬይመንድ ጦር ሲያጠቃቸው ከብቶቹን በበር ለቀቁባቸው፤ ወታደሩ ከብት ለመንዳት ሲበታተን ተከላካዮቹ ወጥተው ሬይመንድን ራሱን ለመማረክ ጥቂት ቀራቸው። በማግስቱ ግን ምሽጉ ባዶውን ተገኘ፤ ሌሊቱን ትተውት ወጥተዋል። ሬይመንድም አልቆየበትም፣ ጉዞውን ቀጠለ። መስቀል ጦረኞቹ ቦታውን ለዘለቄታው የያዙት በ1110 ከመሪዎቻቸው አንዱ በነበረው በታንክሬድ እጅ ነው፤ ከዚያም በትሪፖሊ ኮንት (መስፍን) ግዛት ሥር ገባ። «ክራክ» የሚለው አጠራር እንኳ ከአውሮፓ የመጣ ሳይሆን «አክራድ» የሚለው ቃል በፈረንጆቹ አፍ መጀመሪያ «ክራት» ተብሎ፣ በኋላም ምሽግ ማለት ከሆነው «ከረክ» ከሚለው የሶርያ ቃል ጋር ተቀላቅሎ የወጣ ይመስላል።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ «ቴምፕላር» የሚለው ነው። ክራክ የቴምፕላሮች ሆኖ አያውቅም፤ ከ1142 እስከ 1271 የያዙት የሆስፒታለር ማኅበር የሚባሉት፣ በቅዱስ ዮሐንስ ስም የሚጠሩት መነኮሳት ወታደሮች ናቸው። ማኅበሩ በኢየሩሳሌም ለነጋድያን ሕሙማን መጠለያ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1113 ከሮም ጳጳስ ዕውቅና አገኘ፤ በኋላም ሰይፍ ታጠቀ። በጥቁር ካባ ላይ ነጭ መስቀል የሚያደርጉት እነርሱ ሲሆኑ፣ በነጭ ካባ ላይ ቀይ መስቀል የሚያደርጉት ቴምፕላሮቹ ናቸው። ጸሐፊው የቴምፕላር ምሽግ ቢፈልጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ከክራክ ሆኖ የሚታየው የሳፊታ ማማ የእነርሱ ነበረ። በአገራችን «ቴምፕላር» የሚለው ስም ምን ያህል እንደሚያማልል አውቃለሁ፤ ከአለት የተፈለፈለውን ላሊበላን ሳይቀር ለእነርሱ የሰጡ ጸሐፍት አሉ። ስም ስላማረ ግን ግንብ ከባለቤቱ ወደ ሌላ አይተላለፍም።

የትሪፖሊው ኮንት ሬይመንድ 2ኛ ምሽጉን ለማኅበሩ የሰጠው ለምን እንደሆነ ጽሑፉ አያነሳም። በ1137 ኮንቱ በሞሱልና በሐለብ ገዥ በዘንጊ እጅ ተሸንፎ የባሪን ምሽጉን አጥቶ ነበር፤ የድንበሩን ምሽጎች የሚጠብቅበት ሰውም ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ ክራክን ከነዙሪያው ለማኅበሩ ለቀቀ፤ ከዚያም አልፎ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ከሙስሊሞቹ ጋር ዕርቅ ላለማድረግ ተስማማ። ባለ ርስቱ ኮንት በራሱ ድንበር ላይ የሰላምና የጦርነት ውሳኔውን ለመነኮሳት አሳልፎ የሰጠበት ውል ነው። እንዲህ ያለው ግንብ የኃይል ምልክት ከመሆኑ በፊት የገንዘብ እጥረት ምልክት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሕንጻው ልምጣ። ጸሐፊው «ግንቡ ከአንድ ሊቅ አእምሮ እንደ ወጣ አንድ ወጥ ሥራ ነው» ይላሉ። ድንጋዩ የሚናገረው ሌላ ነው። ማኅበሩ ከ1142 በኋላ የሠራው መጀመሪያ አንድ ቅጥር ብቻ ነበር፤ የኮረብታውን ቅርጽ ተከትሎ የሚዞር ግንብ፣ ጥቂት ብቻ ወደ ውጭ ወጣ ያሉ አራት ማዕዘን ማማዎች፣ ከውስጡም ግቢውን የሚከቡ ጣሪያቸው በቅስት የተሠራ ረጃጅም ክፍሎች። በሰኔ 1170 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሶርያን አናወጠ፤ ክራክም ክፉኛ ተጎዳ። ዛሬ የሚታየው የጸሎት ቤት ከዚያ ወዲህ እንደገና የተሠራ ነው። በ1202 ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ዝነኛው ሁለተኛ ቅጥር፣ ክብና ግማሽ ክብ ማማዎች ያሉት የውጭው ግንብ፣ የ13ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። በ1218 የሃንጋሪው ንጉሥ አንድራስ 2ኛ ምሽጉን ጎብኝተው ለጥበቃው የሚውል ገቢ መድበዋል። እንግዲህ የአንድ ሊቅ ንድፍ የተባለው በትውልዶች መካከል፣ በሁለት የመሬት መንቀጥቀጥና በብዙ ሰዎች ኪስ የተሠራ ነው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያፈርስ ከውጭ እያለበሰ ሄዷል።

ይህ ማልበስ በግልጽ የሚታየው በምዕራብና በደቡብ ፊት ነው። በዚያ በኩል የውስጠኛው ግንብ ከሥሩ እንደ ገደል ወደ ውጭ የተንጋለለ ግዙፍ የድንጋይ ልባጥ ለብሷል፤ ውፍረቱ በደቡብ ከሥሩ ከ20 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከልባጡ ጀርባ የ12ኛው መቶ ዘመን ቀጥ ያለው ግንብ እስከ ዛሬ አለ፤ ወደ ሜዳው ይመለከቱ የነበሩት የቀስት ቀዳዳዎቹ አሁን የሚያዩት የአዲሱን ግንብ ጀርባ ነው። ጸሐፊው ይህን ተዳፋት «ለመድፍ መከላከያ» ብለውታል። ልባጡ በተሠራበት ዘመን በሶርያ ግንብ የሚያፈርስ መድፍ አልነበረም። ግንብ ያፈርሱ የነበሩት ድንጋይ ወርዋሪው መንጀኒቅና ከእርሱም ይበልጥ የሚፈሩት ቆፋሪዎች ናቸው። ቆፋሪ የማማውን መሠረት ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ባዶውን በእንጨት ደግፎ ያቆመዋል፣ ከዚያ እንጨቱን ያነድደዋል፤ ድጋፉ ሲቃጠል ማማው በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ከሥሩ ይህን ያህል የወፈረ ግንብ ቆፋሪን ያደክማል፣ ከመሬት መንቀጥቀጥም ይደግፋል፤ ከላይ የሚወረወር ድንጋይም ተዳፋቱ ላይ ነጥሮ ወደ አጥቂው ይፈናጠራል። ደቡቡ ይህን ያህል የከበደው ለሌላ ሳይሆን፣ ኮረብታው በሌሎቹ ወገኖች ቁልቁል ሲወርድ በደቡብ ብቻ ከተራራው ጋር ስለሚያያዝ ነው። እንደ እኛ አምባዎች ዙሪያውን ገደል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድንጋይ ባላስፈለገ።

«ንድፉ ከአውሮፓ የመጣ ነው» ለሚለውም የምለው አለኝ። ግንብን በግንብ ውስጥ የማስቀመጥ ሐሳብ በቁስጥንጥንያ ቅጥሮች ላይ በ5ኛው መቶ ዘመን ነበረ። እነዚሁ ሆስፒታለሮች በ1168 ገዝተው በገሊላ የሠሩት የቤልቯር ምሽግ አንዱ አራት ማዕዘን በሌላው ውስጥ የተቀመጠበት ነው፤ በእንግሊዝ ነገሥታት ዘመን በዌልስ የታነጹት ዝነኞቹ ድርብ ግንቦች፣ ለምሳሌ በ1295 የተጀመረው ቦማሪስ፣ ከዚያ በጣም ዘግይተው የመጡ ናቸው። ከግንቡ ወጣ ብለው ወደ ታች ድንጋይና ፈላ ውሃ የሚወረወርባቸው ሳጥን መሰል ሰገነቶችን ብንወስድ፣ በዚያው በሶርያ በረሓ፣ በ8ኛው መቶ ዘመን በኡመያዎች በተሠራው ቀስር አል ሐይር አል ሸርቂ በር ላይ ይገኛሉ። መስቀል ጦረኞቹ የመጡበትን አገር ልማድ ይዘው መጥተዋል፣ የደረሱበትንም አገር ልማድ ተምረዋል። አንዱን ብቻ መምረጥ ጽሑፍን ያቀልላል እንጂ ግንቡን አያስረዳም።

በዚህ ረገድ የምሥራቁ በር መግቢያ ብቻውን ጥሩ መምህር ነው። የውጭው በር ሲታለፍ ሰው ራሱን ግቢ ውስጥ አያገኝም፤ ጣሪያው በቅስት በተሸፈነ፣ ጨለማ በሆነ ዘቅዛቃ መንገድ ላይ ነው የሚገባው። ደረጃዎቹ ሰፋፊና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ፈረስ ይወጣባቸው ነበርና። ዐይን ጨለማውን ገና ሲለምድ ከላይ በተከፈቱ ቀዳዳዎች ብርሃን ይወርዳል፤ በዚያ ቀዳዳ በጦርነት ጊዜ የሚወርደው ግን ብርሃን ብቻ አልነበረም። ወደ ላይ ብዙ ከተጓዘ በኋላ መንገዱ በድንገት ወደ ኋላው ይታጠፋል፤ አጥቂ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱን የሚያጣበት፣ ግንዱን ተሸክሞ በር የሚመታም ቢሆን ግንዱን ማዞር የሚያቅተው እዚህ ላይ ነው። የውስጠኛው በር የሚገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሳላሃዲን ልጅ አል ዟሂር ጋዚ የሐለብን አምባ እንደገና ሲያሠራ የሰጠውም መግቢያ እንዲሁ ደጋግሞ የሚታጠፍ ነው። ሁለቱ ጠላቶች አንዱ የሌላውን ሥራ በሚገባ ያውቁ ነበር።

ጸሐፊው በእርግጥ ትክክል የሆኑበትን ቦታም መናገር ይገባኛል። በውስጠኛው ግቢ፣ በባላባቶቹ አዳራሽ ፊት ያለው በረንዳ፣ ሾጣጣ ቅስቶቹና እንደ ዳንቴል የተጠረቡት መስኮቶቹ፣ በዘመኑ በፈረንሳይ አብያተ ክርስቲያናት ይሠራ የነበረው የጎቲክ ስልት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ወታደራዊ ድንጋይ መካከል እንግዳ ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ የተቀረጸውን የላቲን ግጥም ግን «የጦር መፈክር» ማለታቸው አላዋቂነት ነው። ግጥሙ የሚለው በግርድፉ ይህን ነው፦ ሀብት ይኑርህ፣ ጥበብ ይኑርህ፣ ውበትም ይሰጥህ፤ ትዕቢት ብቻዋን ከተከተለች ግን ሁሉን ታጎድፋለች። ገዳማዊ ምክር ነው። መነኮሳት መሆናቸውን ለሚዘነጋ አንባቢ የተጻፈ ይመስላል።

ሦስተኛው ትልቅ ስሕተት የሳላሃዲን ከበባ ነው፤ እርሱን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፣ ምክንያቱም የሁለት ቦታዎች ስም መምታታት ብቻ ነው። ከዓመት በላይ ተከቦ በረኀብ እጁን የሰጠው በዛሬዋ ዮርዳኖስ ከሙት ባሕር በስተምሥራቅ ያለው ከረክ ነው፤ ከክራክ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ ይርቃል። ያ ምሽግ በ1142 በኢየሩሳሌም መንግሥት ሹም በፓጋን ተጀመረ፤ በኋላ የሻቲዮኑ ሬይናልድ መቀመጫ ሆነ፤ በ1183 በውስጡ ሠርግ ሲደረግ ሳላሃዲን ያጠቃው እርሱ ነው፤ የወደቀውም በ1188 መጨረሻ ነው። ስሞቹ ይመሳሰላሉ፤ 1142 የሚለው ዓመት እንኳ በሁለቱም ታሪክ ውስጥ መገኘቱ ነገሩን አባብሶታል። በክራክ ግን የሆነው ይህ ነው፦ ሳላሃዲን በ1187 በሐጢን የመስቀል ጦረኞቹን ሠራዊት ከደመሰሰ በኋላ በ1188 ወደ ሰሜን ሲዘምት ከምሽጉ ፊት ደረሰ፣ አየው፣ ዋጋው እንደማያዋጣው ገምቶ ወደ ጠረፉ አለፈ። በጽሑፉ የተጠቀሰው የዓመት ከበባ እዚህ አልተደረገም።

የወታደሩን ቁጥር በተመለከተ ጸሐፊው 2,000 ያሉት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1212 በዚያ ያለፈው ጀርመናዊው ተሳላሚ የኦልደንቡርግ ዊልብራንድ የጻፈው ቁጥር ይህ ነው። ነገር ግን ዊልብራንድ የተናገረው ስለ ጠባቂው ጦር በጠቅላላው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ባላባት የሚባለው፣ ማለትም መሐላ የገባ፣ ፈረስና ጥሩር ያለው ወንድም፣ ጥቂቱ ነበር። ጳጳስ አሌክሳንደር 4ኛ በ1255 በጻፉት ደብዳቤ በክራክ የሚኖሩት ባላባቶች 60 መሆናቸው ተመልክቷል። የቀሩት እግረኞች፣ ቅጥረኞችና አገልጋዮች ናቸው። ልዩነቱ የቁጥር ጨዋታ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የ1271 ውድቀት ያለ እርሱ መረዳት አይቻልም። ምሽጉ የተሠራው ለብዙ ሕዝብ ነው፤ በውስጠኛው ግቢ በምዕራብ በኩል ያለው 120 ሜትር ያህል የሚረዝም አዳራሽ መጋገሪያውንም፣ የውሃ ጉድጓዱንም፣ መጸዳጃዎቹንም የያዘ ነበር፤ በሁለቱ ቅጥሮች መካከል በደቡብ ውሃው በቦይ የሚመጣ ክፍት ገንዳ አለ። ይህን ሁሉ ቤት የሚሞላ ሰው ግን በ13ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አልነበረም። የማኅበሩ መሪ ሂዩ ሬቬል በ1268 በጻፉት ደብዳቤ ማኅበሩ በባሕር ማዶ በጠቅላላው ያሉት ባላባቶች 300 ብቻ መሆናቸውን ገልጠው አቤቱታ አሰምተዋል። ግንቡ በወፈረ ቁጥር በላዩ የሚቆመው ሰው እየሳሳ ሄዶ ነበር።

አሁን ወደ ደብዳቤው። «ግንቡን ኃይል አልደፈረውም፤ የደፈረው ተንኮል ነው» የሚለው የጽሑፉ ልብ ነውና እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቀን በቀን መመልከት ያስፈልጋል። የግብፅና የሶርያ ሱልጣን የነበረው ባይባርስ ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ ሰው አይደለም፤ ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእስክንድርያ ጳጳስ እንዲላክላቸው ደብዳቤ የጻፉት ለዚሁ ሱልጣን ነው። በዚያው በ1270 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ በቱኒስ ዘመቻ ላይ ሞቱ፤ ግብፅን ያሰጋ የነበረው አዲስ የመስቀል ጦርነት በዚያው ከሰመና ባይባርስ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። በየካቲት 1271 የቴምፕላሮቹ ሳፊታ እጇን ሰጠች። መጋቢት 3 ቀን ሠራዊቱ በክራክ ሥር ነበረ። ከባድ ዝናብ ጥሎ የከበባውን መሣሪያ ማቆም አዘገየ። መጋቢት 21 ቀን ከምሽጉ በስተደቡብ የነበረው የውጭ መከላከያ ተያዘ። መጋቢት 29 ቀን ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ያለው ማማ ተናደ፤ ወታደሩ በፍርስራሹ ላይ ወጥቶ ወደ ውጭው ቅጥር ገባ፣ በዚያም ተጠግተው የነበሩትን ገበሬዎች አገኘ። ጠባቂዎቹ ወደ ውስጠኛው ምሽግ አፈገፈጉ። ጸጥታ የሰፈነባቸው ዐሥር ያህል ቀናት አለፉ። ከዚያ ነው ደብዳቤው የመጣው፤ ከማኅበሩ መሪ ከትሪፖሊ የተላከ ነው የተባለ፣ እጅ እንዲሰጡ የሚፈቅድ። ሚያዝያ 8 ቀን በሰላም እንዲወጡ ቃል ተገብቶላቸው ለቀቁ፤ ወደ ትሪፖሊም ሄዱ።

ይህን ተከታታይ ነገር ያነበበ ሰው የጽሑፉን መደምደሚያ መቀበል ይከብደዋል። ደብዳቤው በደረሰ ጊዜ የውጭው ቅጥር ወድቋል፣ ማማው ተንዷል፣ ሳፊታ የለችም፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ረዳት ጦር እንደማይኖር ከሉዊ ሞት በኋላ ሁሉም ያውቃል። ሐሰተኛ ይሁን እውነተኛ፣ ያ ወረቀት ለተከበቡት የነገራቸው አዲስ ነገር አልነበረም፤ በክብር ለመውጣት የሚያስችል ምክንያት ሰጣቸው እንጂ። እንዲያውም የተከበበው ወገን ትእዛዝ መጥቶልኝ ወጣሁ ማለቱ፣ የከበበው ወገንም ብልሃቴ አስወጣቸው ማለቱ፣ ለሁለቱም የሚመች ታሪክ ነው። እኔ በበኩሌ ግንቡን ያስለቀቀው በዝናብ መሬቱን ሲቦረቡር የሰነበተው ስሙ ያልታወቀ ቆፋሪ ነው ባይ ነኝ። ለመድፍ ነው የተባለው ተዳፋት በትክክል የተሠራው ለእርሱ ነበር፤ እርሱም ተዳፋት ያለውን የውስጠኛውን ግንብ ትቶ ተዳፋት የሌለውን የውጭውን ማማ መረጠ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ከ1271 በኋላ ምሽጉ ወና ሆነ የሚለው፣ ስድስት መቶ ተኩል ዓመት የሚሆን የሰው ኑሮ ይሰርዛል። ባይባርስ ያፈረሰውን ወዲያው ማስጠገን ጀመረ፤ ስሙም በድንጋዩ ላይ በዐረብኛ ተቀርጿል። ምሽጉ የማምሉኮች፣ ማለትም የባይባርስ ወገን የሆኑት የግብፅ ገዥዎች፣ ጦር ሰፈር ሆኖ ትሪፖሊ በ1289 በሱልጣን ቀላውን እጅ እስክትወድቅ ድረስ ለዚያ ዘመቻ አገልግሏል። የሆስፒታለሮቹ ጸሎት ቤት መስጊድ ሆነ፤ እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልብ ይሏል። ጸሎት ቤቱ እንደ ሥርዓቱ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ መካ ግን ከሶርያ በስተደቡብ ናት። ስለዚህ ሚሕራቦቹ፣ የስግደቱን አቅጣጫ የሚያሳዩት ጎድጓዳ ቦታዎች፣ የተወቀሩት በስተጎን፣ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሰጋጁም በዚያ ጠባብና ረጅም ቤት ውስጥ ወደ ርዝመቱ ሳይሆን ወደ ጎኑ ዞሮ ይቆም ነበር። ሕንጻው አልፈረሰም፣ አቅጣጫው ብቻ ዞረ። በኋለኞቹ ዘመናት ደግሞ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው በግንቡ ውስጥ ሰፍረው አንድ ሙሉ መንደር ሆነ፤ ፈረንሳዮቹ እነ ፖል ዴሻ በ1927 ለጥናት ሲመጡ ያገኙት ከ500 በላይ ሰው የሚኖርበት፣ ዶሮ የሚጮኽበት ግንብ ነበር። በ1933 ምሽጉ ያኔ ሶርያን ያስተዳድር ወደነበረው የፈረንሳይ መንግሥት ይዞታ ሲዛወር ነዋሪዎቹ ካሳ ተከፍሏቸው ከኮረብታው ሥር ወዳለው አል ሒስን መንደር ወረዱ። «ፈረንሳዮች አገኙት» የሚለው አነጋገር እነዚህን ሰዎች እንደሌሉ መቁጠር ነው።

ስለ ቅርቡ ጦርነት ጸሐፊው «ሙሉ በሙሉ ወድሟል» ማለታቸውም መታረም አለበት። ምሽጉ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2013 ከሌሎቹ የሶርያ ቅርሶች ጋር በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በመድፍና በአየር ተመታ፤ በመጋቢት 2014 የመንግሥት ጦር ያዘው። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ያ እንደ ዳንቴል ያለው በረንዳ ሳይቀር ተመትቷል። ሁለቱ ቅጥሮች ግን ቆመዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የጽሑፉ ፎቶግራፍ። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ራስጌ ያደረጉት የደቡቡን ፊት የሚያሳየውን ሥዕል ነው፤ ከሥሩም «የአውሮፓ ባላባቶች ያቆሙት የማይደፈር ማማ» ብለው ጽፈዋል። በፎቶው መካከል፣ ከውጭው ቅጥር ጎልቶ የሚታየው ግዙፍ አራት ማዕዘን ማማ በሆስፒታለሮቹ ዘመን አልነበረም። ያሠራው ሱልጣን ቀላውን ነው፤ ዓመቱም 1285 ነው፣ ባላባቶቹ ወደ ትሪፖሊ ከወረዱ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ።